ሚካኤል ፀጋዬ፦ የፎቶግራፍ ሥራዎቹ ስብስብ

እ.ኤ.አ. በ1975 አዲስ አበባ የተወለደ የፎቶግራፍ ባለሙያ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ሥዕል ተምሮ እ.ኤ.አ. በ2002 በዲፕሎማ ተመረቀ። የዘይት ቀለም አለርጂ ስለያዘው ግን ብሩሹን ትቶ ካሜራ ያዘ። ከሥራዎቹ ልብ የሚነካው በመቃብር ሐውልቶች ላይ የተለጠፉ የሟቾችን ፎቶግራፎች ያነሣበት ተከታታይ ሥራ ነው። ፀሐይና ዝናብ ፊታቸውን አደብዝዞታል፤ ቀለማቸው ተልጧል፤ አንዳንዱ ማን እንደነበር እንኳ አይለይም። ቤተሰብ ለመታሰቢያ ያኖረው ምስል ራሱ ሲሞት ያሳያልና፣ ከኢትዮጵያ ዘመናዊ ጥበብ ጠንካራ ሥራዎች አንዱ ሊባል ይገባዋል። በሌሎች ስብስቦቹ የአንኮበርን መልክዓ ምድር፣ እንዲሁም ነባር ሰፈሮቿ ፈርሰው ሕንፃ የሚወጣባትን አዲስ አበባን መዝግቧል።