ያልታየውን መቁጠር፦ የኒውትሪኖ ፍለጋ ታሪክና የሳይንስ ትምህርት

የሳይንስ መምህራን ለተማሪዎች የሚያቀርቧቸው ታሪኮች ባመዛኙ በግኝት የሚደመደሙ ናቸው። ከዚህ በታች የሚቀርበው ግን የተፈለገው ነገር እስከ ዛሬ ያልተገኘበት፥ ሆኖም ብዙ እውቀት የተሰበሰበበት ታሪክ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1914 ጀምስ ቻድዊክ በቤታ ፍርሰት የሚወጡት ኤሌክትሮኖች የተለያየ መጠን ያለው ኢነርጂ እንደሚይዙ አሳየ። የጎደለው ኢነርጂ የት እንደሚገባ አልታወቀም ነበር። በ1930 ቮልፍጋንግ ፓውሊ ኢነርጂውን ይዞ የሚወጣ፥ ኤሌክትሪክ ሙል የሌለው ረቂቅ ቅንጣት መኖር አለበት ሲል ሐሳብ አቀረበ። ቅንጣቱ፥ ይኸውም ኒውትሪኖ፥ በሙከራ መኖሩ የተረጋገጠው ከ26 ዓመት በኋላ፥ በ1956፥ በፍሬድሪክ ራይንስና በክላይድ ካወን ነው።

በዚህ መካከል ሌላ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። በ1935 ማሪያ ጎፐርት ማየር በአንዳንድ አስኳሎች ሁለት ኒውትሮኖች ባንድ ጊዜ ወደ ፕሮቶን ሊለወጡ እንደሚችሉ አሰላች። በ1937 ኤቶሬ ማዮራና ኒውትሪኖና ፀረ ኒውትሪኖ አንድ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገለጸ። ይህ እውነት ከሆነ፥ ዌንደል ፈሪ በ1939 እንዳመለከተው፥ ኒውትሪኖ ሳይወጣ ሁለት ኤሌክትሮኖች ብቻ የሚወጡበት ጥንድ ፍርሰት ይኖራል። ይህ ቢገኝ፥ በዩኒቨርስ ውስጥ ቁስ አካል ከፀረ ቁስ በልጦ የቀረበትን ምክንያት ለመረዳት ይረዳል።

በ1949 ኤድዋርድ ፋየርማን ከቆርቆሮ 124 ጥንድ ፍርሰት እንዳየ አስታወቀ፤ ኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ግን አላጸኑትም። ኒውትሪኖ የሚወጣበት ጥንድ ፍርሰት በቤተ ሙከራ በቀጥታ የታየው በ1987 በሴሌኒየም 82 ነው። ኒውትሪኖ የማይወጣበት ግን እስካሁን አልተረጋገጠም። በኢጣልያ የተካሄደው የጌርዳ ሙከራ በ2020 ባወጣው የመጨረሻ ውጤት፥ ይህ ፍርሰት በጀርማኒየም 76 ቢኖር እንኳ ግማሽ ዕድሜው ከ1.8 × 10²⁶ ዓመት እንደማያንስ አሳይቷል።

የዚህን ቁጥር ትርጉም በጥቁር ሰሌዳ ማስላት ይቻላል። አንድ ኪሎግራም ጀርማኒየም 76 ወደ 8 × 10²⁴ አቶሞች ይይዛል። ይህ በ0.69 ተባዝቶ ለግማሽ ዕድሜው ሲካፈል፥ በዓመት የሚፈርሰው 0.03 ያህል ይሆናል፤ ይኸውም በ33 ዓመት አንድ ጊዜ ነው። በ100 ኪሎግራም ግን በዓመት 3 ያህል ይጠበቃል። ስለዚህ ተመራማሪው ዘመናትን ከመጠበቅ ይልቅ አቶሞችን ያበዛል።

እንዲህ ያለውን ጥቂት ምልክት ከሌላ ጨረር መለየት ያስፈልጋል። ከሕዋ የሚመጣው ጨረር ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበረታል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በሚገኘው በኮልፌ ቀራንዮ የተቀመጠ ቆጣሪ በምጽዋ ከተቀመጠው ይበልጥ ይቆጥራል። የጌርዳ መሣሪያም በግራን ሳሶ ተራራ ውስጥ፥ 1,400 ሜትር ያህል ዐለት ከላዩ ተደርቦ የተተከለው ለዚህ ነው።

ከዚህ ታሪክ መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች አንድ ቁም ነገር ሊገነዘቡ ይገባል። ተማሪ የጠበቀውን ውጤት ሲያጣ የመጽሐፉን ቁጥር ገልብጦ የሚያስረክበው፥ ማርክ የሚሰጠው ለተገኘው መልስ ብቻ መስሎ ስለሚታየው ነው። «አላየሁም» የሚል ዘገባ ምን ያህል ጊዜ፥ በምን መሣሪያና በምን ጥንቃቄ እንደተፈለገ ከገለጸ እውቀት ነው። የቤተ ሙከራ ሥራ ምዘናም ይህን እንዲያከብር ሆኖ መዘጋጀት ይኖርበታል።