ወበቁ የት ሄደ? የባሕረ ሰላጤው ቤት ከሠራተኛዋ ክፍል ሲታይ

እኛ የደጋና የወይና ደጋ ልጆች እርጥበትን የምናውቀው በክረምት ነው። እናቶቻችን ጎተራውን ከመሬት ከፍ አድርገው የሚያቆሙት፣ በርበሬውን ፀሐይ በደንብ ሳይመታው የማያስገቡት፣ እንጀራው እንዳይሻግት የሚጠነቀቁት በእርጥበት ምክንያት ነው። የጎጆው ጭስ ዓይን ቢያቃጥልም የሣር ክዳኑን ያደርቅ፣ ተባዩንም ያርቅ ነበር። መስከረም ሲጠባ ደግሞ በርና መስኮት ይከፈታል፤ መኝታው ወደ ውጭ ይወጣል፤ የቀረውን ፀሐይና ነፋስ ይጨርሱታል።

ዱባይ፣ ዶሃ፣ ማናማ ወይም ደማም ስንደርስ ይህ እውቀት ይገለበጥብናል። በሐምሌ መስኮት ሲከፈት የሚገባው ደረቅ ነፋስ ሳይሆን ወበቅ ነው። የታጠበው ልብስ አይደርቅም፤ ሻንጣው ውስጥ ያስቀመጥነው ነጠላ ይሻግታል፤ ግድግዳው ጥግ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። በስብሰባዎቻችን ከሚነሱት አቤቱታዎች ይኸኛው ተደጋግሞ ስለሚሰማ፣ በዚህ እትም የእነዚያን አገሮች ቤት ታሪክ ከእርጥበት አንፃር ለማየት ወደድን። እርጥበት እንደ አቧራ ተጠርጎ አይጠፋም። ወይ ነፋስ ይወስደዋል፣ ወይ ውሃ ሆኖ ይፈስሳል፣ ወይ አንድ ቦታ ተከማችቶ ይቀራል። ስለዚህ ታሪኩን ስናነብ ቤቱ ለማን እንደደረቀና እርጥበቱ ለማን እንደቀረ መጠየቅ አለብን።

ባሕረ ሰላጤው ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ በበጋቸው ውሃው በጣም ይሞቃል፤ ከዚያ የሚነሳው እንፋሎትም በዳርቻው ከተሞች ላይ ይተኛል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 2003 በሳዑዲዋ ዳህራን የተመዘገበው የጤዛ ነጥብ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። ይህ ማለት አየሩ 35 ዲግሪ ላይ እንኳ ጤዛ መጣል ይጀምራል ማለት ነው። የሰው ቆዳ ሙቀትም ወደዚያው ስለሚጠጋ ላብ ይንጠባጠባል እንጂ አይደርቅም።

የጥንቶቹ የባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች ይህን አየር የሚያደርቁበት መሣሪያ አልነበራቸውም። ያላቸው ብልሃት አየሩ እንዳይቆም ማድረግ ነበር። ድሃው ከዘንባባ ዝንጣፊ በተሠራ፣ “ዓሪሽ” በሚባል ቤት ይኖር ነበር፤ በዝንጣፊዎቹ መካከል ነፋስ ይገባል፣ ይወጣል። ነጋዴው ከባሕር ኮራል ድንጋይ ይሠራል፤ በእኛው ቀይ ባሕር ዳርቻ ባለችው ምጽዋም ቤቶች በዚሁ ድንጋይ ይሠሩ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ከደቡብ ፋርስ የመጡ ነጋዴዎች በዱባይ የባስታኪያ ሰፈር “ባርጂል” የሚባለውን የነፋስ ማማ አቆሙ። ማማው ከጣሪያ በላይ ያለውን ነፋስ ከአራቱም አቅጣጫ ይይዝና ቁልቁል ወደ ክፍሉ ይልከዋል። ሰፈሩ ዛሬ አል ፋሂዲ ይባላል፤ ማማዎቹም ይታያሉ። ማማው እርጥበቱን አይቀንስም፤ በሰውነት ላይ ነፋስ በማሳለፍ ግን ላብ እንዲደርቅ ይረዳል። ሌሊት ደግሞ ሰው ጣሪያ ላይ ይተኛል።

አቅም ያለው ቤተሰብ በጋውን ጠቅልሎ እንደ አል ዓይንና ሊዋ ወዳሉ የበረሃ ገነቶች ይሄድ ነበር፤ እዚያ ሙቀቱ ቢበረታም አየሩ ደረቅ ነው። ዕንቁ ጠላቂዎቹ ግን በዚያው ወራት ባሕር ላይ ነበሩ፤ የሥራቸው ወቅት በጋው ነውና። ከወበቁ መሸሽ በዚያን ጊዜም እንደ አቅም ነበር። በዚያ ዘመን ከእኛ አገር የተወሰዱ ሴቶችም በዓረብ ምድር ቤቶች ውስጥ ነበሩ፤ በኮንትራት ሳይሆን በባርነት፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው። ኳታር ባርነትን ያስቀረችው በ1952፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ በ1962 ነው። ውሃ መቅዳት፣ ማጠብና ማብሰል፣ ማለትም በቤት ውስጥ እንፋሎት ያለበት ሥራ ሁሉ፣ ከጥንት ጀምሮ የአገልጋይ ድርሻ እንደነበር አንርሳ።

ቤቱን የለወጠው ማሽን የተወለደው ከዚህ ሁሉ ርቆ፣ በኒው ዮርክ ብሩክሊን በአንድ ማተሚያ ቤት ነው። በ1902 በጋ ላይ ማተሚያ ቤቱ ተቸገረ። ወረቀቱ እርጥበት ሲበዛ ይለጠጣል፣ ሲቀንስ ይኮማተራል፤ ቀለም በቀለም ላይ ሲታተም ሥዕሉ ይዛነፋል። የ25 ዓመቱ መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር አየሩን በቀዝቃዛ ቱቦዎች ላይ የሚያሳልፍ መሣሪያ ነደፈ። ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው በአየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ወደ ውሃነት ይለወጣል፤ ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ብርጭቆ በውጭ በኩል እንደሚያልበው ማለት ነው። ዛሬ ኤሲ የምንለው ማሽን ሲጀመር የታሰበው ወረቀትን ከእርጥበት ለመጠበቅ ነበር፤ ለሰው ምቾት የዋለው በኋላ ነው።

የነዳጅ ገንዘብ ሲመጣና ኤሌክትሪክ ሲስፋፋ ኤሲው ባሕረ ሰላጤውን ወረሰ። ከዘንባባና ከኮራል ይልቅ ሲሚንቶ፣ ከማማ ይልቅ የተዘጋ መስኮት መጣ። ሳሎኑና መኝታ ቤቶቹ ደረቁ፤ ውሃውም በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ መንጠባጠብ ጀመረ። ነገር ግን የልብስ ማጠቢያው፣ ኩሽናው፣ የካውያው ክፍልና በብዙ ቤት ከእነዚህ አጠገብ ወይም ጣሪያ ላይ የተሠራው የሠራተኛዋ ክፍል ከዚህ በረከት የደረሳቸው ትንሽ ነው። መስኮት የሌለው ክፍል አለ፤ መስኮቱ ወደ ማጠቢያው የሚከፈት አለ፤ ኤሲው ለወራት ተበላሽቶ የቆመበትም አለ። በአሮጌው ዓሪሽ ቤት ውስጥ ነፋሱ ሁሉንም ይነካ ነበር፤ በተዘጋው ቤት ውስጥ ግን ደረቅ አየር የሚደርሰው ማሽኑ ለተተከለለት ነው።

ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበት በሚበዛበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካል ሕመምና ለአስም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አስፍሯል። የዓለም ሥራ ድርጅትም በ2011 ስለ ቤት ሠራተኞች ባወጣው 201ኛ ምክረ ሐሳብ፣ ሠራተኛዋ ከአሠሪዋ ጋር የምትኖር ከሆነ በቂ አየር የሚገባበትና ቁልፉ በእጇ የሚሆን የግል ክፍል እንዲሰጣት፣ እንደ ቤቱ ሁኔታም ማቀዝቀዣ እንዲኖራት ይላል። ምክረ ሐሳብ አስገዳጅ ሕግ አይደለም። ሆኖም የምንጠይቀው ነገር ቅንጦት አለመሆኑን ያሳያል።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን እናድርግ። ኤሲው በሚሠራበት በጋ መስኮቱን አንክፈት፤ ገብቶ የሚቀረው ወበቁ ነው። በእነሱ ክረምት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ውጭው ቀዝቀዝ ሲል ግን በርና መስኮቱን ከፍተን ነፋስ እናሳልፍ። በመቆጣጠሪያው ላይ የውሃ ጠብታ ምልክት ካለ እሱ እርጥበት ለመቀነስ የተሠራ ነው። የኤሲውን ማጣሪያ እንጠበው፤ ውሃ ማውረጃ ቱቦው እንዳይደፈን እንይ። አንድ ማሽን ሙሉ እርጥብ ልብስ ሁለት ሊትር ያህል ውሃ ወደ አየሩ ሊለቅ ስለሚችል በምንተኛበት ክፍል አናስጣ። ፍራሹን ከግድግዳው አንድ ስንዝር እናርቅ፤ ሻንጣችንንም እንደ ጎተራው ከወለሉ ከፍ እናድርግ። ክፍሉን ለማድረቅ ወይም ቡና ለማፍላት ብለን በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ማያያዝ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል።

ደጋፊዎቻችን ለአዲስ ሄያጆች በምንሰጠው ምክር ስታግዙን፣ ስለ ደመወዝና ስለ ዕረፍት ቀን ከሚጠየቀው ጋር ሌላ ጥያቄም እንዲጨመር እንፈልጋለን፦ የምተኛበት ክፍል መስኮት አለው ወይ? ኤሲውስ ይሠራል? እህቶቻችንም ኮንትራት ከመፈረማቸው በፊት ይህን ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ። ወረቀት እንዳይበላሽ ተብሎ የተሠራ ማሽን የሰውን ሳንባ ለመጠበቅ ሊነፈግ አይገባም።