የዌብቪው ብልሽትና ጥገናው
ዌብቪው የአንድሮይድ መተግበሪያዎች ድረ ገጽን በራሳቸው ውስጥ እንዲያሳዩ የሚያስችል የሲስተሙ ክፍል ነው። ቀድሞ የሚታደሰው ከመላው ሲስተም ጋር ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አንድሮይድ 5.0 ግን በፕሌይ ስቶር በኩል ለብቻው እንዲታደስ አደረገ። የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ የስልክ አምራቹን መጠበቅ ቀረ፤ ሆኖም ስሕተትም በዚያው መንገድ በፍጥነት የሚዛመት ሆነ።

እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ጂሜይልን ጨምሮ ብዙ መተግበሪያዎች ገና ሲከፈቱ ይዘጉ ጀመር። ጥፋቱ የዌብቪው እንጂ የመተግበሪያዎቹ ስላልነበረ እነሱን አጥፍቶ እንደገና መጫን አልፈየደም። ጊዜያዊው መፍትሔ ሴቲንግ ገብቶ፣ ከሲስተም መተግበሪያዎች መካከል አንድሮይድ ሲስተም ዌብቪውን መርጦ፣ አዲሱን አፕዴት ማራገፍ ነበር። በማግስቱ ጉግል የታረመ ዌብቪውና ክሮም አወጣ፤ ሁለቱን ከፕሌይ ስቶር ማደስ ችግሩን ፈታው።