ኩባዎቹ ተናግረው ነበር

በፈረንጆች መስከረም 8 ቀን 1900 ጠዋት፣ በቴክሳሷ የጋልቭስተን ደሴት ልጆች መንገድ ላይ በወጣው የባሕር ውሃ ይንቦጫረቁ ነበር። በእኛ ቀኑ ጳጉሜ 3፣ 1892 ዓ.ም. ነው፤ ሩፋኤል። በሩፋኤል ዝናብ ሳይጨፍር ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ! ጋልቭስተን ላይ ግን ሲመሽ ጨዋታው አበቃ።

ሃሪኬን ሲባል ሁላችንም የ2005ቷን ካትሪናን ነው የምናነሳው። የጋልቭስተኑ ከ6,000 እስከ 12,000 ሰው እንደፈጀ ይገመታል። በአሜሪካ ታሪክ ይህን ያህል ሰው የገደለ የተፈጥሮ አደጋ የለም።

እኛን ያንገበገበን የኩባው ታሪክ ነው። ኩባ ያኔ በአሜሪካ ጦር እጅ ነበረች። የሃቫናው የቤሌን ኮሌጅ ካህናት ደመናና ነፋስ እያነበቡ ሃሪኬን መተንበይ ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። የአሜሪካ የአየር ትንበያ ቢሮ ግን «ያጋንናሉ» ብሎ ናቃቸው፤ ጭራሽ በዚያው ሰሞን ከኩባ የሚላኩ የአየር ሁኔታ ቴሌግራሞችን አሳገደ። ማዕበሉ ኩባን በዝናብ ደብድቦ ሲያልፍ ዋሽንግተን «በፍሎሪዳ ታጥፎ ወደ ሰሜን ይወጣል» አለች። ኩባዎቹ «የለም፣ ወደ ቴክሳስ ነው» አሉ። ማን ይስማቸው!

ጋልቭስተን ወደ 38,000 ሰው የሚኖርባት ሀብታም ወደብ ነበረች። ከፍተኛው ቦታዋ 2.7 ሜትር፤ የመጣው የባሕር ሙላት ከ4.6 ሜትር በላይ። ሒሳቡን ለእናንተ ትተናል። የከተማዋ የአየር ጠባይ ሹም አይዛክ ክላይን በ1891 በጋዜጣ፣ ሃሪኬን ከተማዋን ክፉኛ ይጎዳል ብሎ መስጋት ቅዠት ነው ብሎ ጽፎ ነበር። የባሕር ግንቡም ሳይሠራ ቀረ። በዚያች ሌሊት ክላይን ቤት ከተጠለሉት 50 ያህል ሰዎች የተረፉት 18 ናቸው። ነፍሰ ጡር ሚስቱ አልተረፈችም። ከዚህ በላይ ምን ይፈረድበታል?

በቅድስት ማርያም የሙት ልጆች ማሳደጊያ 10 መነኮሳት 90 ልጆችን በልብስ ማስጫ ገመድ ከወገባቸው ጋር አሰሩ፤ እንዳይበተኑ። ሦስት ወንዶች ልጆች ብቻ ተረፉ። ሬሳው ከመብዛቱ የተነሳ በጀልባ ጭነው ባሕር ውስጥ ጣሉት፤ ባሕሩ መልሶ ዳርቻው ላይ ተፋው። ከዚያ ማቃጠል ጀመሩ።

በ1904 ግንቡ ተሠራ። ከተማዋንም ከነቤቶቿ በክሪክ እያነሱ ከሥሯ አሸዋ ሞሉባት። በ1915 ሌላ ኃይለኛ ሃሪኬን ሲመጣ ግንቡ ያዘ። ነጋዴው ግን አልጠበቀም፤ በ1914 የተከፈተው የመርከብ ቦይ ገበያውን ወደ ሂውስተን ወሰደው፤ ዛሬ ብዙ ሐበሻ ወደሚኖርባት።