ዜና ጎጌቲ

ንጉሥ ምኒልክ ግዛታቸውን ወደ ደቡብ ሲያሰፉ የጉራጌ ምድር በአንድ ፊት አልገበረም። ክስታኔ ቀድሞ ገባ፤ በወልቂጤ በኩል ያሉት ሰባት ቤትና ቀቤና ግን እንቢ አሉ። በ1881 ዓ.ም. ገደማ አባ ጥጉ ራስ ጎበና ዳጬ ከቀቤናው መሪ ከሐሰን እንጃሞ ጋር ጀብዱ ሜዳ ላይ ገጠሙ፤ ድሉም ለጎበና ሆነ። የቤተ መንግሥት ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ዘመቻ «አገር ማቅናት» ብሎ ይጽፋል፤ የተሸነፈ ሰው ግን በዚህ ስም ለልጁ አይተርክም። ስለዚህ የሜዳው ስም ይሻላል፤ ጀብዱ ሜዳ ለሁለቱም ወገን አንድ ነውና።

እምባቦም፣ መተማም፣ ሰገሌም፣ ማይጨውም የመሬት ስሞች ናቸው። አዝማሪና ፎካሪ ግን ጀግናውን በፈረሱ ስም ያነሣል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ በዘመነ ዮሐንስ አድዋ ላይ ፊታውራሪ ገበየሁ ወደቀ፤ መድፉን ይዞ የተዋጋውን አባ ነፍሶ ባልቻ ሳፎን ሕዝቡ በግጥሙ የገበየሁ ምትክ አደረገው። ይህም ባልቻ ሸምግሎ ሳለ፣ በ1929 ዓ.ም. በጉራጌና በጨቦ ምድር ከኢጣልያን ጋር ሲዋጋ ሞተ።

ያ ዓመት፣ ዘመነ ማቴዎስ፣ ለጉራጌ ምድር ከባድ ነበር። ራስ ደስታ ዳምጠው፣ አባቱ አድዋ ላይ የወደቀበት፣ ጥር 1928 ዓ.ም. በገናሌ ዶርያ ከተሸነፈ በኋላም እጁን አልሰጠም። ኅዳር 1929 ዓ.ም. ይርጋለም በጠላት እጅ ስትገባ፣ ከደጃዝማች በየነ መርዕድና ከደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ ጋር ሆኖ እየተዋጋ ወደ ሰሜን ሄደ። ደስታም በየነም የንጉሠ ነገሥቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አማቾች ነበሩ። ጎጌቲ ላይ ተከበቡ። ውጊያው ባበቃበት ዕለት፣ የካቲት 12፣ አዲስ አበባ በኢጣልያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረና ከተማው በደም ታጠበ። ገብረ ማርያም እዚያው ወደቀ፤ በስሙ የተጠራው ሊሴ ዛሬ አዲስ አበባ አለ። በየነ ተማርኮ ተረሸነ። ደስታ ቆስሎ አመለጠ፤ ነገር ግን የካቲት 17 ቀን፣ ረቡዕ፣ በቡታጅራ አቅራቢያ ተይዞ ተገደለ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ጎጌቲ እንደ አድዋ በየፉከራው አልገባም፤ ይህም ያሳዝነኛል። ምክንያቱ የጀግንነት ማነስ አይደለም። ፉከራ የሚወጣው ዘማቹ ተመልሶ በጌታው ግብር ፊት ጋሻውን አንሥቶ ሲዘል ነው። ከጎጌቲ በኋላ ግብር የሚያበላ ጌታም፣ የሚዘልበት አዳራሽም አልነበረም፤ ሙሾ የሚያወጡ እናቶች ብቻ ቀሩ። አገሩም ሁሉ እነዚያን አምስት የወረራ ዓመታት በአንድ ሜዳ ስም መጥራት አልቻለም። «በጠላት ጊዜ» ይላል፤ ይህን ሲልም ጠላት ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም። የጎጌቲን ስም ከማይጨው አጠገብ ማስቀመጥ፣ ለቡታጅራ ልጆችም በትምህርት ቤት ማስተማር ተገቢ ነው እላለሁ።

አርበኛው ግን አልጠፋም። አባ ቦራ ገረሱ ዱኪ በጨቦና ጉራጌ ጫካ ጦሩን ይዞ ቆየ፤ በሰኔ 1933 ዓ.ም. ጅማ ከጠላት እጅ ስትወጣም ከነጻ አውጪዎቹ አንዱ እርሱ ነበር።