የኤሌክትሪክ ዊንች በተሳቢ ላይ፦ የመጎተት፣ የመያዝና ከዝናብ የመጠበቅ ታሪክ

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዝ፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ብረት በመንኰራኵር ላይ ተጭኖ በሰው ጉልበት እንደ ተጎተተ የታወቀ ነው። በጅዳና በበሽሎ ሸለቆዎች መንገድ እየተጠረገለት መቅደላ እስኪደርስ ድረስ ወራት ፈጅቷል። ከዚህ ጉዞ ማንኛውም መሐንዲስ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ዳገቱን ለመውጣት የሚጎትት ኀይል ሲያስፈልግ፣ ቁልቁለቱን ለመውረድ የሚያስፈልገው የሚይዝ ኀይል ነው። የጎታቹ ብዛት ዳገቱን ያሸንፋል፤ ቁልቁለቱን የሚያሸንፈው ግን የማይለቅ መያዣ ብቻ ነው። ዛሬ በጭነት ተሳቢ ላይ የሚተከለው የኤሌክትሪክ ዊንች ታሪክም ቢመረመር የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። የመሣሪያው ዕድሜና የሠራተኛው ደኅንነት በሞተሩ ጉልበት ብቻ ሳይሆን፣ ሞተሩን ይዞ በሚቆመው መሠረትና ከእርጥበት በሚጠብቀው ሽፋን ጭምር ይወሰናል።

ስለ ገመዱ አስቀድሞ መናገር ይገባል። በማዕድን ጉድጓዶች ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው የቃጫ ገመድና የብረት ሰንሰለት ነበር። ቃጫው በእርጥበት ይበሰብሳል፤ ሰንሰለቱ ደግሞ ከቀለበቶቹ አንዱ ሲበጠስ ያለ ማስጠንቀቂያ ሁለንተናው ይለቃል። ቪልሄልም አልበርት የተባለው ጀርመናዊ የማዕድን ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1834 በሃርትስ ተራሮች የሽቦ ገመድ ሠርቶ በሥራ ላይ አዋለ። የዚህ ገመድ ትልቁ ጥቅም ብርታቱ ብቻ አልነበረም። ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች አንድ በአንድ እየተበጠሱ ስለሚታዩ፣ ገመዱ ከመበጠሱ አስቀድሞ ለሚመረምረው ሰው ምልክት ይሰጣል።

ሞተሩ የተገኘው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1911 የሠራውና በማግሥቱ ዓመት በካዲላክ አውቶሞቢል ላይ የተገጠመው ሞተሪኖ፣ አንድ ትንሽ የባትሪ ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ምን ያህል የመጠምዘዝ ኀይል እንደሚሰጥ አሳየ። ለዊንች የሚያስፈልገውም ይኸው ጠባይ ነው፤ ጭነቱ የሚከብደው ከቆመበት ሲነቃነቅ ነውና። ዋርን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1959 በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዊንች ለመለስተኛ ተሽከርካሪዎች አቀረበ። ይሁን እንጂ የሞተሪኖ ዘር የሆነ ሞተር ለሴኮንዶች ሥራ የተፈጠረ ስለሆነ፣ ለደቂቃዎች ያለ ዕረፍት ሲጎትት ይግላል። ጉልበቱ ሲቋረጥም ጭነቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ፍሬን ወይም በራሱ የሚቆልፍ ማርሽ ያስፈልገዋል። የመያዝ ጥያቄ እንደገና መጣ ማለት ነው።

ዊንቹ ከተሳቢው ጋር የሚያያዝበት መንገድም የዚሁ ጥያቄ ሌላ ገጽ ነው። ለምሳሌ 2,000 ኪሎ ግራም የሚጎትት ገመድ ከመሠረቱ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቢወጣ፣ የቡሎኖቹም ሁለት ረድፎች በ20 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ ከጭነቱ ርቆ ያለው ረድፍ ወደ ላይ የሚነቀልበት ኀይል 3,000 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህም ከሚጎተተው ኀይል ይበልጣል። የገመዱ ከፍታ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ግን ይኸው ኀይል ወደ 1,000 ኪሎ ግራም ይቀንሳል። ስለዚህ ዊንቹን ዝቅ አድርጎ፣ በወፍራም ሰሌዳ ላይ አስቀምጦ፣ ቡሎኖቹን ከተሳቢው ሻንሲ ጋር ማሰር ይገባል። በወለሉ ሳንቃ ወይም በቀጭን ላሜራ ብቻ የታሰረ ዊንች ሲነቀል በተወጠረው ገመድ እየተሳበ ወደ ሠራተኛው ይወረወራል።

ቀጥሎ የሚመጣው የኤሌክትሪኩ ነገር ነው። ባትሪው በጎታቹ መኪና ላይ ሆኖ ዊንቹ 8 ሜትር ቢርቅ፣ የመዳቡ ሽቦ ደርሶ መልስ 16 ሜትር ይሆናል። 35 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሽቦ 300 አምፔር ሲያልፍ 2.4 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል፤ ይህም ከ12 ቮልት አንድ አምስተኛው ነው። ብዙዎች ባትሪውን በራሱ ሳጥን አድርገው በተሳቢው ላይ ማስቀመጥን የመረጡት ከዚህ የተነሣ ነው። ነገር ግን ባትሪና መቀያየሪያ ወደ ተሳቢው በተዛወሩ ቁጥር ለዝናብና ለጭቃ የሚጋለጠው ክፍል በዛ።

የብረትን ዝገት ለመከላከል ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል እ.ኤ.አ. በ1837 ብረትን በቀለጠ ዚንክ የመንከር ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ዚንኩ ከብረቱ አስቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያድናል። ሰሌዳው ከተነከረ በኋላ ቢበሳ ወይም ቢበየድ ግን በዚያ ቦታ ጥበቃው ስለሚጠፋ በዚንክ ቀለም መሸፈን አለበት። የኤሌክትሪክ ሳጥኖችን የመከላከል ደረጃ በቁጥር የሚገልጸው ዓለም አቀፍ መመዘኛም እ.ኤ.አ. በ1976 ወጣ። በዚህ መመዘኛ ሁለተኛው ቁጥር 7 ሲሆን፣ ሳጥኑ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢጠልቅ ጉዳት እንዳይደርስበት ተፈትኗል ማለት ነው። ፈተናው ግን የዓመታት ንዝረትን አይተካም።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው፣ ውኃ የሚገባው ከላይ በሚወርደው ዝናብ ብቻ አለመሆኑ ነው። ሞተሩ ሲግል በውስጡ ያለው አየር ሰፍቶ ይወጣል፤ ሲበርድም እርጥብ አየር ከውጭ ይስባል። እርጥበቱ በሌሊት ጤዛ ሆኖ በመዳቡና በኩሽኔታው ላይ ይቀራል። በክረምት ወራት በሸራ ተጠፍሮ የቆመ ዊንች ከውስጥ የሚዝገው ስለዚህ ነው። መፍትሔው ከሥር የማፍሰሻ ቀዳዳ መተው፣ ሸራውን አየር እንዲያሳልፍ ማድረግ፣ ሽቦዎቹንም ከታች ወደ ላይ ማስገባት ነው።

እንግዲህ ዊንች የሚገዛ መሥሪያ ቤት ዋጋውን የሚከፍለው ለሚጎትተው ቶን ቢሆንም፣ ዕድሜውን የሚያገኘው ከቡሎኑ፣ ከዚንኩና ከማፍሰሻው ቀዳዳ ነው። የሥራ ዝርዝር ሲዘጋጅ እነዚህ ነገሮች ከሞተሩ ጉልበት ጋር እኩል መጻፍ፣ ከክረምት በፊትና በኋላም መመርመር ይኖርባቸዋል።