ለዘንዶ የተሰጠ ጋቢ

የአገራችን ታሪክ በእባብ ይጀምራል። ከአክሱም ነገሥታት አስቀድሞ አርዌ የሚባል ዘንዶ ነግሦ ይኖር እንደ ነበር፣ ሕዝቡም ከብቱንና ልጃገረዶቹን ይገብርለት እንደ ነበር፣ በመጨረሻም አንጋቦ የተባለ ጀግና ገድሎት በዙፋኑ እንደ ተተካ አባቶቻችን በአፈ ታሪክ አቆይተውልናል። ይህን ተረት በልጅነቴ ከአያቴ አፍ ስሰማ፣ አንድ ቀን እኔም ባሕር ተሻግሬ፣ በሚኒሶታ በረዶ መካከል ለዘንዶ የምገብር ሰው እሆናለሁ ብዬ አላሰብሁም። የእኔ ግብር ግን ከብት አይደለም፤ ሙቀት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጄ አንድ ዘንዶ ያሳድጋል። ፈረንጆች «ቦል ፓይተን» ይሉታል፤ ሲፈራ ራሱን መሐል ደብቆ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ነው። መርዝ የለውም። የትውልድ አገሩ ምዕራብ አፍሪካ ሲሆን፣ በቤኒን አገር በዊዳ ከተማ ቤተ መቅደስ ተሠርቶለት የሚከበረው ይኸው ዘንዶ ነው። እናቴ ግን ወሬውን በስልክ በሰማች ጊዜ የዊዳን ሰዎች ሃይማኖት አልጠየቀችም። «እባብ ግደል ከነበትሩ ገደል» ብላ ዘጋችው።

አንድ የጥር ሌሊት መብራት ጠፋ። ለአዲስ አበባ ልጅ መብራት መጥፋት ብርቅ አይደለም፤ ሻማ ፈልጎ መተኛት ነው። በዚያ ሌሊት ግን ውጭው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ነበር፤ የቤቱም ማሞቂያ በኤሌክትሪክ የሚነሣ ስለ ሆነ አብሮ ቆመ። ከመስታወቱ ሳጥን ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር ከ31 ዲግሪ ተነሥቶ ወደ 23 ሲወርድ ልጄ ከአጠገቡ አልተነሣም። እኔም አንጀቴ ስላልቻለ፣ እናቴ የላከችልኝን ጋቢ አምጥቼ ሳጥኑን ሸፈንሁት።

«አባዬ» አለኝ፣ «ጋቢ እኮ ሙቀት አይሠራም፤ የተሠራውን ይጠብቃል እንጂ። እሱ ደግሞ የሚጠበቅ ሙቀት የለውም።»

ከዚያ በጋዝ ምድጃው ላይ ውኃ አሞቅን፤ በጠርሙስ ሞልተን፣ በካልሲ ጠቅልለን፣ ወደ ሳጥኑ አስገባን። እኔ በአራቱም ማዕዘን ላስቀምጥ ስል፣ «በአንድ ወገን ብቻ» ብሎ ከለከለኝ። እነዚህ የልጄ ሁለት ቃላት እንቅልፍ ስለ ነሡኝ በማግሥቱ ወደ መጻሕፍት ሄድሁ። ያገኘሁትን እነሆ፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዓለም የመጀመሪያው ለእባብና ለመሰሎቹ የተለየ ቤት የተከፈተው በሎንዶን የአራዊት ማኖሪያ፣ በ1849 ነው። የዚያ ዘመን ጠባቂዎች እንደ እኔው ያስቡ ነበርና ለእባቦቻቸው ብርድ ልብስ ይሰጡ ነበር። በ1851 መጸው ላይ አንድ ቦአ የተሰጠውን ብርድ ልብስ እንዳለ ዋጠው፤ ከወር በላይ በሆዱ አቆይቶም መልሶ ተፋው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ጋቢዬ ትዝ ሲለኝ ግን ሳቄን አቆምሁ።

እኛ ከምንበላው እህል አብዛኛውን የምናነድደው ሰውነታችንን ለማሞቅ ነው። እባብ ይህን ወጪ አያወጣም፤ ሙቀቱን ከፀሐይና ከድንጋይ ይበደራል። በዚህም ምክንያት በአንዲት አይጥ ሳምንታት መክረም ይችላል። ዕዳው የሚመጣው በብርድ ጊዜ ነው፤ የዋጠው አይፈጭለትም፣ በሽታን የመከላከል ኃይሉ ይደክማል፣ ሳንባው ይታመማል።

የልጄን ሁለተኛ ቃል የፈታችልኝ ደግሞ አንዲት ሴት ናት። ጆአን ፕሮክተር ከልጅነቷ ጀምሮ እንሽላሊትና እባብ ታሳድግ የነበረች፣ ዕድሜዋን ሁሉ ከሕመም ጋር የታገለች እንግሊዛዊት ነበረች። በሎንዶን የአራዊት ማኖሪያ የተሳቢ እንስሳት ኃላፊ ሆና፣ በ1927 የተከፈተውን አዲሱን ቤት ነደፈች። በዚህ ቤት ሙቀቱ በኤሌክትሪክ፣ እንደየእንስሳው ጠባይ ተለይቶ ይሰጥ ነበር። በ1931፣ በ34 ዓመቷ ዐረፈች፤ ቤቷ ግን ከእርሷ በኋላ ብዙ ዘመን ቆመ።

በ1944 ደግሞ ሬይመንድ ካውልስና ቻርልስ ቦገርት የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት የበረሃ ተሳቢዎችን መርምረው ጥናታቸውን አሳተሙ። እንስሳቱ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ እየተመላለሱ የሰውነታቸውን ሙቀት ራሳቸው እንደሚቆጣጠሩ አሳዩ። እንግዲህ ለእባብ የሚሰጠው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ከሙቀቱ የሚሸሽበት ስፍራም ጭምር ነው። ዛሬ የልጄ ሳጥን በአንዱ ጫፍ 32፣ በሌላው 26 ዲግሪ ያህል የሚሆነው ለዚህ ነው። ሌሊት ከ24 እንዳይወርድ የሙቀት መቆጣጠሪያው ይጠብቃል፤ ጨለማውን ላለመረበሽም ማሞቂያው ብርሃን አይሰጥም። በአገሩ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባላስፈለገ፤ ምስጥ በሠራው ኩይሳ ወይም አይጥ በማሰው ጉድጓድ ገብቶ ያድር ነበር።

ነገር ግን ልጄም ያልነገረኝ አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ ይህም የዘንዶ እናት ነገር ነው። ላማር ፒኮ የተባለ ፈረንሳዊ መንገደኛ ከሕንድ ተመልሶ፣ እናት ዘንዶ እንደ ዶሮ እንቁላሎቿን ታቅፋ ታሞቃለች ብሎ ቢናገር የፓሪስ ሊቃውንት አላመኑትም። በ1841 ግን እዚያው ፓሪስ፣ በዕፅዋትና አራዊት ማኖሪያው ውስጥ አንዲት ዘንዶ እንቁላሎቿን ከብባ ወደ ሁለት ወር ያህል ተኛች። ቫለንሲየን የተባለው ሊቅ በጥቅልሏ መካከል ቴርሞሜትር ቢያስገባ ከአካባቢዋ ይልቅ ሞቃ አገኛት። ምሥጢሩ ይበልጥ የተገለጠው በ1966 በታተመ የኒው ዮርክ ጥናት ነው፤ ዙሪያዋ ከ33 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ እናቲቱ ጡንቻዋን እያንዘፈዘፈች ሙቀት ትሠራለች። ለራሷ የማታወጣውን ወጪ ለልጆቿ ታወጣለች ማለት ነው። ዘንዶ ሁሉ ይህን ያደርጋል ማለት ግን አይደለም፤ ለእኔ ግን አንዷ በቃችኝ።

በዚያች ሌሊት ጠርሙሶቹን በየሰዓቱ እየለወጥን አነጋን። ጋቢውም በከንቱ አልቀረም፤ ከውስጥ የሚጠበቅ ሙቀት ከተገኘለት በኋላ ሥራውን በሚገባ ሠራ። ዘንዶው ከጠርሙሶቹ አጠገብ ተጠቅልሎ አደረ፤ ሊነጋጋ ሲል ቴርሞሜትሩ በዚያ ወገን 27 ዲግሪ ያሳይ ነበር። መብራት ሲመጣ ልጄ ሳጥኑን ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል። ጋቢውን ከሳጥኑ አንሥቼ ለእርሱ ደረብሁለት።

እሑድ ለእናቴ ስደውል ይህን ሁሉ ተረክሁላት። ስለ ጋቢዋ ትቈጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ለእንቁላሎቿ ስለምትንዘፈዘፈዋ ዘንዶ ስነግራት ግን ጥቂት ዝም አለችና፣

«ታዲያ አሁን ሞቀው?» አለችኝ።